ለአማተር ራዲዮ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፤ እጄ የሚያውቀውን ወረቀቱ ላይ አጣሁት

የፒያሳው ጠጋኝ (ጎንደር)፦

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ናችሁ?

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ዲሽ እጠግናለሁ። ሥራው ላይ 27 ዓመት ሆኖኛል። ትምህርት ያቆምኩት 10ኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን ለአማተር ራዲዮ ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ምክር ፈልጌ ነው። ነገሩ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ለምን እንደፈለግሁት ካልነገርኳችሁ ጥያቄዬ አይገባችሁም። በ1988 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ አንዲት የቆየች ፊሊፕስ ራዲዮ ነበረችው። ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ይሰማባታል። እሱ ሲተኛ ተራው የእኔ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጌ መርፌዋን ከዳር እስከ ዳር አዞራለሁ። አንድ ሌሊት ከ41 ሜትሩ ባንድ (የሞገድ ክልል) ትንሽ ወረድ ብሎ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ዳክዬ በርሜል ውስጥ ገብታ የምትጮህ ይመስላል። ግን ዳክዬ አይደለም። ይናገርና ያቆማል። ከዚያ ሌላው ይመልሳል። ሰዎች እየተጨዋወቱ እንደሆነ አካሄዱ ያስታውቃል። አንዲት ቃል ግን አትለይም።

ራዲዮዋ የተበላሸች መሰለኝ። በነጋታው አባቴ ሥራ ሲሄድ ፈታኋት። ስፒከሩን አየሁ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን በአልኮል ጠረግሁ። ኮንደንሰሮቹን አንድ በአንድ ነካካኋቸው፤ ምን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። አባቴ ሲመለስ ሁሉም ነገር ምንጣፉ ላይ ተበትኖ አገኘው። አልተቆጣም። «ሰብስባት» አለኝ፣ በቃ። ሰበሰብኳት። ሠራች። ዜናው ጥርት ብሎ ይሰማል። ያ ድምፅ ግን ማታ ላይ እንደዚያው ነበር።

ጠጋኝ የሆንኩት በዚያ ምክንያት ነው። ድምፁ ምን እንደነበር ያወቅሁት ግን ገና ባለፈው ዓመት ነው። ስለ አጭር ሞገድ ሳነብ አማተር ራዲዮ የሚባለው ነገር ላይ ደረስኩ። ለካ በዓለም ዙሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ሆነው እርስ በርስ ያወራሉ። አብዛኛው ወሬያቸው የሚሄደው ደግሞ ሲንግል ሳይድባንድ በሚባል መንገድ ነው። ተራ ራዲዮ ላይ እንደ ዳክዬ ይሰማል ይላል። ይህን ሳነብ ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ችግሬ። ለመለማመጃ የአሜሪካኖቹን የመጀመሪያ ደረጃ ጥያቄዎች ወስጃለሁ። የጥያቄው ሙሉ ክምችት ከነመልሱ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ፈተና 35 ጥያቄ አለው። ለማለፍ 26 ማግኘት ያስፈልጋል። ሁለት ወር ሙሉ ሸመደድኩ። ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሌሊት። ራሴን ስፈትን 17 አገኘሁ። ከዚያ 19። ከዚያ ደግሞ 18። የአማራጮቹ ቅደም ተከተል ሲቀያየር ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ፊውዝ ለምን እንደሚቃጠል አውቃለሁ። የድሮ ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም ኮንደንሰሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚቆይ ክንዴ ያውቃል። የደኅንነቱን ክፍል አንድም አልስት። ዲሲቤል ሲመጣ ግን እቆማለሁ። እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል። ባንዶቹን እቀላቅላቸዋለሁ። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) አስላ ሲለኝ የእኛ ሰዓት፣ የፈረንጅ ሰዓት፣ የእነሱ ሰዓት ይምታታብኛል።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አልገባኝም። ኤስኤስቢ፣ ማለትም ያ ሲንግል ሳይድባንድ፣ ካሪየር የለውም ይላል። ካሪየር ማለት ተሸካሚ ማለት ነው አይደል? ተሸካሚ ከሌለ ድምፁ በምን ተጭኖ ነው አባቴ ራዲዮ ላይ የደረሰው?

ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


መምህርት ዘአዘዞ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ሲሉኝ ከእንግዲህ የእርስዎን ታሪክ ነው የምነግራቸው።

ከዲሲቤል ልጀምር። እርስዎ የዲሽ ሰው ነዎት። ሳህኑን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲያዞሩ የሲግናል መፈለጊያዋ ላይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል አይተዋል። ያው እሱ ነው። ዲሲቤል መጠን አይደለም፤ ስንት ጊዜ እንደበዛ ወይም እንዳነሰ መናገሪያ ነው። ገበያ ላይ «ጤፍ እጥፍ ሆነ» ሲባል ዋጋው ስንት እንደሆነ አይነገርም። ስንት ጊዜ እንዳደገ ግን ይታወቃል። ሁለት ነገር ብቻ ይያዙ። ኃይል እጥፍ ሲሆን 3 ዲሲቤል ነው። አሥር እጥፍ ሲሆን 10 ዲሲቤል ነው። ሲቀንስም እንደዚያው፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ብቻ ይጨመርበታል።

አሁን ከክምችቱ እንውሰድ። ከ5 ዋት ወደ 10 ዋት ስንት ነው? እጥፍ ነው፣ 3። ከ20 ወደ 200? አሥር እጥፍ ነው፣ 10። ከ12 ዋት ወደ 3 ዋት? 12 ግማሹ 6፣ የ6 ግማሹ 3። ሁለቴ ግማሽ ሆነ። ስለዚህ 6 ዲሲቤል ቀነሰ። አለቀ። በፈተናው ላይ ከዚህ የከበደ አይመጣብዎትም።

የኦም ሕግ አያስቸግርዎትም፣ በቴስተር በየቀኑ የሚሠሩት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ። በአሜሪካኖቹ ወረቀት ላይ ቮልቴጅ «ቪ» ተብሎ ሳይሆን «ኢ» ተብሎ ይጻፋል። ጎበዝ ተማሪ እንኳ እዚያ ላይ ሲደናገር አይቻለሁ።

ሽምደዳውን ግን ይተዉት። ክምችቱን አይጣሉት፤ አጠናኑን ነው የምለው። ጥያቄውን ያንብቡ። አማራጮቹን በወረቀት ይሸፍኑ። መልሱን በአማርኛ ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ሱቅ ውስጥ ላለ ረዳትዎ እንደሚያስረዱ። ከዚያ ወረቀቱን አንስተው ያሉትን ነገር ይፈልጉ። ያኔ ቦታው ቢቀያየርም አይጠፋብዎትም። እንግሊዝኛውንም በዚያው ይለምዱታል፤ ምክንያቱም የሚፈልጉትን ነገር አስቀድመው ያውቁታል።

የካሪየሩን ጥያቄ ከእኔ በተሻለ የሚመልስ ሰው ይኖራል ብዬ ትቼዋለሁ።


አራተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል፦

ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? እኔ በሽምደዳው ላይ ከመምህርቷ ትንሽ እለያለሁ። ሕግና የባንድ ወሰን ምክንያት የላቸውም፣ መሸምደድ ነው። ሌላው ላይ ግን ልክ ናቸው።

ክምችቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ካወቁ ይቀልልዎታል። 35 ቡድን አለው። ፈተናው ከየቡድኑ አንድ አንድ ጥያቄ ነው የሚያወጣው። በቀን አንድ ቡድን ቢይዙ በ35 ቀን ይጨርሳሉ። ሽንፈት የሚመጣው የሚወዱትን ቡድን ደጋግመው ሲያነቡና የሚጠሉትን ሲዘሉ ነው።

ለፊደል መጥሪያው (እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ቃል መጥራት ነው) እኔ በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ እፊደል ነበር። ጎንደርን፦ ጎልፍ፣ ኦስካር፣ ኖቬምበር፣ ዴልታ፣ አልፋ፣ ሮሜዮ። አዘዞን፦ አልፋ፣ ዙሉ፣ ኤኮ፣ ዙሉ፣ ኦስካር። በሚኒባስ ከፒያሳ አዘዞ እስክደርስ የታርጋ ፊደል ሁሉ አልቆብኝ ነበር። በሳምንት ውስጥ ገባኝ።

አንድ ደስ የሚል ስሌት ደግሞ ልስጥዎት። በቪኤችኤፍ (በጣም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ)፣ ለምሳሌ በ2 ሜትሩ ባንድ፣ ሞገዱ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከምድሩ አድማስ ግን ትንሽ አለፍ ይላል። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለማግኘት በሜትር የተለካውን ከፍታ ካሬ ሥር በ4.12 ማባዛት ነው። ከተማችን ከጣና የውኃ ወለል ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የ300 ካሬ ሥር 17.3 ገደማ ነው። በ4.12 ሲባዛ 71 ኪሎ ሜትር። መሀል ላይ ተራራ ካልገባ ከጎሃ ኮረብታ ጎርጎራ ላይ ካለ ሰው ጋር በእጅ ራዲዮ መነጋገር ይቻላል ማለት ነው። ፈቃዱን ስናገኝ መጀመሪያ የምንሞክረው ይህን ይሁን።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ልጆች ሆነን እናጠናለን። ቢመጡ ደስ ይለናል። መበየጃ አያያዝ የሚያሳየን ሰው እንፈልጋለን።


ኤኮ ታንጎ አድማጭ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ቤተሰቡ መጣህ። ጎንደር ተወልጄ ብዙ ዘመን አሜሪካ ኖሬ ነው የተመለስኩት። የእነሱን ፈተና እዚያ ወስጃለሁ። ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ ወጥመዱን ላሳይህ።

የአሜሪካ ክምችት ፊዚክሱ ለሁሉም አገር አንድ ነው። ሕጉ ግን የእነሱ ነው። ዓለም በራዲዮ ሦስት ክልል ተብላ ተከፍላለች። አፍሪካና አውሮፓ ክልል 1 ውስጥ ናቸው፤ አሜሪካ ክልል 2 ናት። በእነሱ ወረቀት የ2 ሜትር ባንድ ከ144 እስከ 148 ሜጋ ኸርዝ ነው። በእኛ ክልል 146 ላይ ያበቃል። የ40 ሜትሩ ለእነሱ እስከ 7.3 ይሄዳል፤ ለእኛ ከ7.0 እስከ 7.2 ነው። የ70 ሳንቲ ሜትሩ ለእነሱ ከ420 እስከ 450፣ ለእኛ ከ430 እስከ 440። ባንዶቹን የምትቀላቅለው ለዚህ ይሆናል። አንድ ቦታ ያነበብከው የእነሱ ነው፣ ሌላ ቦታ ያነበብከው የእኛ። ሁለት ገጽ ለይተህ ጻፋቸው። በእነሱ ወረቀት ስትለማመድ የእነሱን መልስ፣ መሣሪያ ፊት ስትቀመጥ የእኛን።

የውጭ ፈቃድ ብታገኝም እዚህ አገር ማሠራጫ ለማብራት አያበቃህም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ጉዳዩ የሚመለከተው። መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት እዚያ ጠይቅ። ገንዘብህን አታስቀድም። መስማት ግን አሁንም ትችላለህ፤ ጆሮህን አሠልጥን። አዲስ አበባ ስትሄድ ደግሞ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበርን ፈልግ። የማኅበሩ ጣቢያ ጥሪ፣ ማለትም መለያ ስሙ፣ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ የአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ይገኛል። ይህን ጥሪ በዓለም ላይ የማያውቅ አማተር ጥቂት ነው።

ሞርስ (በነጥብና በሰረዝ መላላኪያው) ያስፈራህ ከሆነ ደግሞ ተረጋጋ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቭ ላይ በተደረገው የዓለም ራዲዮ ጉባኤ ግዴታነቱ ለየአገሩ ተትቷል። አሜሪካኖቹም ከፈተናቸው አውጥተውታል።

ስለ ሰዓቱ ልንገርህ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ ይቀላል። በፈረንጅ ሰዓት አትለፍ። የእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምር፣ ዩቲሲ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት በእነሱ 06:00 ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት 12:00 ነው። ከማታው 1 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ 15 ደምር፤ 24 ከደረሰ 24 ቀንስ። ማታ 3 ሰዓት 18:00 ይሆናል። አዲሱ ቀን የሚገባባቸው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። መዝገብህ ላይ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ጻፍ። ጳጉሜን እንዳትጽፍባቸው፣ አያውቋትም።

አሁን ወደ ዳክዬዋ። እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቻታለሁ፤ ስታነሣት ልቤ ተነካ።

ተሸካሚ የሚለውን ቃል ለጊዜው ተወው። ሸማኔ አስብ። ተራው የኤኤም ጣቢያ ድርና ማጉን አንድ ላይ ይልካል። ድሩ ካሪየሩ ነው፣ ማጉ ድምፅህ ነው። ማጉንም ሁለት ጊዜ ይልከዋል፤ አንዱን ከካሪየሩ በላይ፣ አንዱን ከካሪየሩ በታች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ድምፁ ካሪየሩ ላይ እስከ ጥግ ሲጫን (በሙሉ ሞዱሌሽን ጊዜ) እንኳ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን የሚበላው ካሪየሩ ነው። እሱ ደግሞ አንድም ቃል አይናገርም። ኤስኤስቢ «ለምን ይህን ሁሉ እልካለሁ?» ያለ ሰው ሥራ ነው። ድሩን አስቀረ፣ ከሁለቱ ማግ አንዱን አስቀረ፤ አንድ ማግ ብቻ ላከ። ኃይሉ በሙሉ ድምፅ ላይ ዋለ። ቦታም ቆጠበ፤ 3 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ይበቃዋል።

ግን ተቀባዩ ድሩን ራሱ መዘርጋት አለበት። የአማተር መሣሪያ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ማመንጫ አለ። የአባትህ ራዲዮ የላትም። ማጉ ደርሶላታል፤ የምትሸምንበት ድር ነው ያጣችው። የሰማኸው እሱን ነው። ራዲዮዋ ጤነኛ ነበረች።

ይህን በእጅህ ማየት ትችላለህ። ሌላ ባለ መርፌ ራዲዮ አጠገቧ አስቀምጥ። የራዲዮ ውስጥ ኦስሲሌተር (ሞገድ ማመንጫው) ከምትሰማው ጣቢያ በ455 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ብሎ እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ የአይኤፍ (የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ) ኮይሉን በየቀኑ ነው የምታስተካክለው። ትንሽ ወደ ውጭ ያፈሳል። 7.1 ሜጋ ኸርዝ ላይ ዳክዬዋን ስታገኝ ሁለተኛዋን ራዲዮ 6.645 ላይ አድርጋት። ኦስሲሌተሯ 7.1 ላይ ይወድቃል፤ ድሩን ትዘረጋልሃለች። ድምፅዋን ዝጋ። በጣም በቀስታ አዙር፣ የፀጉር ያህል።


የፒያሳው ጠጋኝ፦

ምን ልበላችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መምህርት፣ የጤፏ ነገር ገብታኛለች። ሲግናል መፈለጊያዬን ዛሬ በሌላ ዓይን ነው ያየኋት። ጋሼ፣ የሰዓቱን ነገር ሱቁ ግድግዳ ላይ ጻፍኩት። ተማሪው ወንድሜ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። መበየጃ፣ ሊድና ለመለማመጃ የሚሆን የተጣለ ቦርድ ይዣለሁ፤ እናንተ ምንም አትግዙ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ለመስሚያ አንቴና ልሠራ ነው። 143ን በሜጋ ኸርዙ አካፍል ይላል። ለ7.1 ሳሰላው 20 ሜትር ከ14 ሳንቲም ወጣ፤ በየጎኑ 10 ሜትር ገደማ። ግቢያችን አይበቃም። ደግሞ ያለኝ የዲሽ ኬብል ነው፣ 75 ኦም። ወረቀቱ 50 ይላል። ልግዛ?


ኤኮ ታንጎ አድማጭ፦

አትግዛ። መካከሉን ከፍ አድርገህ ሁለቱን ክንዶች ወደ ታች አዘንብላቸው፣ እንደ ቤት ጣሪያ። ቦታው ይበቃሃል። ኬብሉም ደህና ነው። የዚህ ዓይነት አንቴና በነፃ ቦታ 73 ኦም ገደማ ነው፤ ወደ ምድር ሲጠጋና ሲያዘነብል ይቀንሳል። ወደፊት 75ቱን ከ50 ጋር ብታገናኘው እንኳ ኤስደብሊውአሩ (የአለመጣጣሙ መለኪያ፤ ፍጹም ሲጣጣም 1 ነው) 1.5 ነው። ለመስማት ምንም አይደለም።

ከቆርቆሮው በተቻለህ መጠን አርቀው። የመብራት መስመር አጠገብ ፈጽሞ እንዳትደርስ፤ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ መስመሩ ላይ በማይወድቅበት ቦታ አድርገው። ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር ኬብሉን ንቀልና ከቤት አውጣ። የእኛን መብረቅ ታውቀዋለህ።


መምህርት ዘአዘዞ፦

ከዚሁ ጋር አንድ የፈተና ጥያቄ ልስጥዎት፤ ወረቀቱን ሸፍነው ይመልሱ። አባትዎ ያን ዜና ማታ ጥርት አድርገው የሚሰሙት፣ ቀን ግን ያው ባንድ የሚደክመው ለምንድን ነው?


የፒያሳው ጠጋኝ፦

ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የድምፅ መሣሪያ ጥገና ይከማቻል።

የመምህርትን ጥያቄ ልመልስ። በቀን ፀሐይ የአዮኖስፌርን (ከላያችን ያለውን በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ክፍል) የታችኛውን ንብርብር ታበረታዋለች። ዲ ይባላል። እሱ የታችኞቹን የአጭር ሞገድ ባንዶች ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ዲ ይጠፋል፤ ላይኛው፣ ኤፍ የሚባለው ግን ይቆያል። ሞገዱ እሱ ጋ ደርሶ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ለአባቴ ነበር የነገርኩት። 80 ዓመት አልፎታል። «እኔ ደግሞ ማታ ሰው ስለሚተኛ ጸጥ ብሎ ነው እል ነበር» አለኝ።

ፈተናውን በመምህርት ዘዴ ደጋግሜ ወሰድኩ። መጀመሪያ 24። ከዚያ 28። ትናንት ማታ 31። የሳትኳቸው አራቱ ሁሉም የአሜሪካ ሕግ ናቸው። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እነሱን እንሸመድዳለን። በዚህ ላይ ተማሪው ልክ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ፊሊፕሷ አሁንም አለች። አባቴ ክፍል ቁም ሣጥን ላይ ነበር የተቀመጠችው። ሁለት ኮንደንሰር ቀየርኩላት። አንቴናውን እንደተባልኩት መሀሉን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ትናንት ከማታው 3 ሰዓት ላይ አባቴ አልጋ አጠገብ ጠረጴዛ አስጠጋሁ። ፊሊፕሷን አንድ በኩል፣ ከሱቅ ያመጣኋትን ራዲዮ በሌላ በኩል።

መጀመሪያ ከስልክ ቻርጀሩ የሚመጣው ጫጫታ አላስቆም አለኝ። ነቀልኩት፤ ጸጥ አለ። ከ41 ሜትሩ ባንድ ወረድ አልኩ። ዳክዬዋ መጣች። እዚያው ቦታ ላይ ናት። አባቴ ቀና ብሎ «ይቺ ነገር ያኔም ነበረች» አለ። ያስታውሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሁለተኛዋን ድምፅዋን ዘጋኋትና ከ6.6 ተነሥቼ ወደ ላይ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጠነ። ከዚያ እየወፈረ እየወፈረ ወረደ። እዚያ ላይ እጄን ያዝኩ። ዳክዬዋ መጀመሪያ የሕፃን ድምፅ ሆነች። ትንሽ ነካ ሳደርግ የሰው ድምፅ ሆነ። ጎልማሳ ወንድ ነው፣ ድምፁ ወፍራም። «ሲኪው፣ ሲኪው» ይላል። ከዚያ ጥሪውን መፊደል ጀመረ። የመጀመሪያውን ፊደል ሦስት ጊዜ ደገመው፦ «ኢንድያ»። ቀሪውን አላገኘሁትም፣ ሁለተኛዋ ራዲዮ ሸሸችብኝ። ኢንድያ የ«አይ» ፊደል ናት። በ«አይ» የሚጀምር ጥሪ ጣሊያን ነው።

አባቴ «ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ።

«ጣሊያን አገር ያለ ሰው ነው። የሚሰማኝ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል» አልኩት።

«እና አትመልስለትም?»

«ገና ፈቃድ የለኝም» አልኩት።

አሰብ አድርጎ «ታዲያ ፈተናው መቼ ነው?» አለ። እስከ 5 ሰዓት አብረን ሰማን። መዝገቤን በዚያው ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ 18:20 ዩቲሲ፣ 7.1 ሜጋ ኸርዝ ገደማ፣ ኤስኤስቢ፣ ጣሊያን፣ መስማት ብቻ ብዬ ጽፌአለሁ።

ቅዳሜ ሁለቱንም ራዲዮ ይዤ እመጣለሁ። መምህርት፣ ከአዘዞ መምጣት ከቻሉ ሰዓቱን እነግርዎታለሁ፤ በእኛም በዩቲሲም።